ዓሣ የሚያሸት ሴንሰር፦ ከውሻ ምን ይቀዳል?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የውሻን አፍንጫ የሚመስል ኤሌክትሮኒክ አፍንጫ ሠርቼ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚሸጠው ዓሣ ትኩስ ይሁን የተበላሸ መለየት እፈልጋለሁ። ኤምኪው-3፣ ኤምኪው-135 እና ኤምኪው-137 የሚባሉ የጋዝ ሴንሰሮች ገዝቼ አርዱዪኖ የሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ላይ ሰክቻለሁ። ንባቡ ግን አልረጋ አለኝ። ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ነው። ጓደኞቼ ‘ርካሽ ስለሆነ ነው፤ እንደ ውሻ አፍንጫ ስሱ የሆነ ሴንሰር ፈልጊ’ ይሉኛል። አንዱ ደግሞ የእውነተኛ ነፍሳት አንቴና መጠቀም እንደሚቻል አንብቧል። አማካሪዬ ዳታውን ለማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ከዳታ ራሱ ለሚማር የኮምፒውተር ሞዴል፣ ብሰጠው ሞዴሉ ራሱ ያስተካክለዋል ብለውኛል። እርስዎ የቱን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ሦስቱም ካለሽበት አያወጡሽም። የበለጠ ስሱ ሴንሰር ብትገዢ ንባቡ የባሰ ይዋዥቃል። የነፍሳት አንቴና ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሆን ነገር አይደለም። ማሽን ለርኒንግም የተበላሸ ዳታ ከሰጠሽው ስህተቱን አሳምሮ ይመልስልሻል። ፕሮጀክቱ ግን ጥሩ ነው፤ በእጅሽ ባሉት ሴንሰሮችም ይሠራል። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት «የውሻ አፍንጫ» ስትዪ የምታስቢው ነገር ነው።

ብዙ ሰው ውሻ ጎበዝ የሆነው አፍንጫው ውስጥ አንድ ልዩ ስሱ ነገር ስላለው ይመስለዋል። ጎረቤት ቤት ሽሮ ሲንተከተክ ግቢሽ ሆነሽ ታውቂዋለሽ አይደል? አፍንጫሽ ውስጥ ግን «የሽሮ ተቀባይ» የሚባል ነገር የለም። ሰው ወደ 400 ዓይነት የሽታ ተቀባዮች አሉት፤ ውሻ ደግሞ የዚህን እጥፍ ገደማ። እያንዳንዱ ተቀባይ ለብዙ ሽታ በመጠን በመጠኑ ይነቃል። አንዱም ሽታ ብዙ ተቀባዮችን ይቀሰቅሳል። አንጎል የሚያነበው የትኞቹ አብረው እንደነቁ፣ የትኛው በርትቶ የትኛው ደከም ብሎ እንደነቃ ነው። ሊንዳ በክ እና ሪቻርድ አክስል የእነዚህን ተቀባዮች የጂን ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1991 አሳይተው በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

ጂኖቹ ከመታወቃቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ፐርሶድ እና ዶድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር ዋሪክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ አሠራር በኤሌክትሮኒክስ ሞክረውታል። የተጠቀሙት ሦስት የሴሚኮንዳክተር ጋዝ ሴንሰር ነው። ልብ በዪ፣ ሦስት። ካንቺዎቹ ብዙም የማይርቁ። እያንዳንዱ ብቻውን ሽታ አይለይም፤ የሦስቱ ምላሽ አንድ ላይ ሲታይ ግን ይለያል። ኤሌክትሮኒክ አፍንጫ የሚባለው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ኤምኪው-137 «የአሞኒያ ሴንሰር» ተብሎ ተሸጦልሽ ለአልኮልም ምላሽ ሲሰጥ አትናደጂ። ተቀባይ እንዲህ ነው።

ሁለተኛውና ሁልጊዜ የሚረሳው ነገር አተነፋፈሱ ነው። ውሻ ሲያሸት ዝም ብሎ አየር አይስብም። በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል ሳብ መለስ ያደርጋል። ሲያስወጣ አየሩ በአፍንጫው ጎን ባለው ስንጥቅ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ያ ደግሞ ከፊት ለፊት አዲስ አየር ወደ አፍንጫው ይጎትታል። አሜሪካ ያለው የደረጃና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ ተመራማሪዎች የውሻን አፍንጫ ቅርጽ በ3ዲ ፕሪንተር አትመው ተራ የፈንጂ ጠቋሚ መሣሪያ ጫፍ ላይ ገጠሙት፤ እንደ ውሻ እንዲያሸትም አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሥራ የመሣሪያው የመጠቆም አቅም እስከ 16 እጥፍ ጨምሯል። ውስጡ ያለው ሴንሰር አልተነካም። የተቀየረው አየሩ የሚገባበት መንገድ ብቻ ነው። ለጓደኞችሽ ይህን ንገሪያቸው።

አንቴናውን ቶሎ ልዝጋው። ባዮሎጂን ለመነሻ ሐሳብ መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ ሕይወት ያለውን ቁራጭ ራሱን መሣሪያ ውስጥ ማስገባት ሌላ። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ላይ እውነተኛ ኤንዛይም አለ፤ ሐሳቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ከሌላንድ ክላርክ ነው። ኤንዛይም ደርቆ ይቀመጣል፣ በፋብሪካ ይመረታል፣ ስለዚህ ሠርቷል። አንቴና ግን ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የእሳት ራት አንቴና ትንሽ ድሮን ላይ አድርገው ሽታ እንዲከተል አድርገዋል። ድንቅ ሥራ ነው። አንቴናው የሚያገለግለው ግን ከተቆረጠ በኋላ እስከ 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አንቺ የምትለኪው ለቀናት ነው።

ከተፈጥሮ መቅዳት አዲስ ፋሽን እንዳይመስልሽ። ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ሲያሳውቅ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው የቶርፒዶ ዓሣ አካል ጋር አመሳስሎታል። ላብ ውስጥ የምትጠቀሚበት፣ የሚዋዥቅን ምልክት ወደ ጥርት ያለ «አለ» ወይም «የለም» የሚቀይረው ሽሚት ትሪገርም የመጣው ኦቶ ሽሚት በ1930ዎቹ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ነርቭ ሲያጠና ነው። ከተፈጥሮ መቅዳትን የሚገልጸውን «ባዮሚሜቲክስ» የሚለውን ቃል የፈጠረውም እሱ ነው። ስኩዊዱን አልገለበጠም። ነርቭ አንድ ደረጃ ካለፈ በኋላ በትንሽ መዋዠቅ እንደማይመለስ አይቶ ያንን ወደ ኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩት ቀየረው። ካንቺም የሚጠበቀው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አሁን ወደማይረጋው ንባብ። ይህ የፕሮጀክትሽ ዋና ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የኤምኪው ሴንሰር ውስጡ ቲን ኦክሳይድ ነው። ማሞቂያ አለው። ሲሞቅ የአየሩ ኦክስጅን ላዩ ላይ ይለጠፍና ኤሌክትሮን ይይዛል፤ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ) ከፍ ይላል። አሞኒያ ወይም አልኮል ሲመጣ ያንን ኦክስጅን ይበላዋል፤ ሬዚስታንሱ ይወርዳል። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በሙቀቱና በአየሩ ላይ ነው ማለት ነው። እስቲ አንድ ነገር ሞክሪ። ዓሣ የሚባል ነገር በሌለበት ክፍል አንድ ስኒ የፈላ ውሃ ከኤምኪው-135 አጠገብ አስቀምጪ። ንባቡ ሲሄድ ታያለሽ። ጎረቤት ቡና ሲቆላማ አይነሳ። መሣሪያሽ ጠዋትና ከሰዓት የሚለያየው አንዱ በዚህ ነው፤ የአየሩ እርጥበትና ሙቀት ይለያያል። እርጥብ ዓሣ ደግሞ ራሱ እርጥበት ይዞ ይመጣል። ካልተጠነቀቅሽ የሠራሽው የዓሣ አፍንጫ መሆኑ ይቀርና የእርጥበት መለኪያ ይሆናል። የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር ከጎኑ ጨምሪ፤ ሁልጊዜ አብረሽ መዝግቢ።

ሌላው ኃይል ነው። እያንዳንዱ ማሞቂያ ከ150 እስከ 180 ሚሊአምፔር ይበላል። ሦስቱ ሲደመሩ ከ450 ያልፋሉ። አርዱዪኖሽ ከላፕቶፕ ዩኤስቢ የሚያገኘው ደግሞ 500 ገደማ ነው። ገመዱ ቀጭን ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል። በ5 በመቶ ቢወርድ የማሞቂያው ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ሴንሰሩ ይቀዘቅዛል፤ ንባቡም ይሄዳል። ለማሞቂያዎቹ ለብቻቸው 5 ቮልት ከ2 አምፔር ጋር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ አድርጊላቸው። ግራውንዱን ብቻ ከአርዱዪኖው ጋር አገናኚ። መብራት ሲጠፋም እንዳይቋረጥ በባትሪ ደግፊው። አዲስ ሴንሰር ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ አንዳንዱም ለ48 ሰዓት ሳይቋረጥ መሞቅ አለበት። በየጠዋቱ ሰክተሽ በአምስት ደቂቃ የምታነቢው ንባብ ዋጋ የለውም።

ዳታሺቱ (የፋብሪካው መግለጫ) ላይ ያለውን ኩርባ ተጠቅመሽ «ይህን ያህል ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ይህን ያህል) አሞኒያ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ያ ኩርባ የወጣው በተወሰነ የኦክስጅን መጠን፣ ሙቀትና እርጥበት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ የያዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው አምስተኛ እጅ ያህል ያንሳል። ሴንሰሩ የሚሠራው በኦክስጅን ስለሆነ የፋብሪካው ቁጥር እንዳለ አይሠራልሽም። ፒፒኤሙን ተይው። ከራስሽ ንጹህ አየር ጋር ያለውን ንጽጽር ብቻ ያዢ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ፤ እኔ ራሴ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። የመጀመሪያዬን የማሽተቻ ዕቃ በሲሊኮን ማሸጊያ አሸግኩት። ሴንሰሮቹ ቀስ በቀስ ደነዘዙ። ኮዴን ስመረምር ሁለት ሳምንት አለቀ። የሲሊኮን ተን የቲን ኦክሳይዱን ገጽ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ መመለስ የለም። ሲሊኮን አትጠቀሚ። ፕላስቲክ ዕቃም ተይ። ቅቤ የተቀመጠበት ፕላስቲክ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ሽታው እንደማይለቀው ታውቂያለሽ። የትናንቱ ዓሣ ዛሬም ይሸትሻል። ሰፊ አፍ ያለው የብርጭቆ ማሰሮ፣ የብረት ክዳን፣ የቴፍሎን ጥብጣብ በቂ ነው።

አሁን ውሻውን እንቅዳ። ማሰሮው ውስጥ ዓሣውን አስቀምጪ። ሴንሰሮቹን ለብቻቸው ትንሽ ዕቃ ውስጥ አድርጊ። በትንሽ ፓምፕ መጀመሪያ በአክቲቬትድ ካርበን የተጣራ አየር ለአንድ ደቂቃ አሳልፊባቸው፤ የውሃ ማጣሪያ ውስጥ ያለው ዓይነት ካርበን ይሆናል። ከዚያ ለግማሽ ደቂቃ ከዓሣው ማሰሮ የተሳበ አየር። ከዚያ መልሰሽ ለሁለት ደቂቃ ንጹህ አየር። ይህን አምስት ጊዜ ድገሚ። የምትመዘግቢው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይሁን። ከንጹሁ አየር አንጻር ስንት እጅ ተቀየረ? በምን ፍጥነት ወጣ? ሲመለስ ስንት ጊዜ ወሰደበት? እነዚህ ሦስቱ ለእያንዳንዱ ሴንሰር ይያዙ። ቀስ ብሎ የሚመጣ የቀን መዋዠቅ በእያንዳንዱ ማሽተት ከራሱ ንጹህ አየር ጋር ስለሚነጻጸር አብዛኛው ይጣፋል። ያንቺም አፍንጫ ክፍል ውስጥ የቆየን ሽታ ትቶ አዲስ የመጣውን የሚነግርሽ ይህን በመሰለ መንገድ ነው።

ስለ ዓሣው ራሱ የተሳሳተ ነገር እንዳታነቢ እፈራለሁ። ብዙው ጽሑፍ ስለ ባሕር ዓሣ ነው። የባሕር ዓሣ ሥጋ ውስጥ ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ የሚባል ነገር አለ። ባክቴሪያ ወደ ትራይሜቲላሚን ሲቀይረው ያ የታወቀው የዓሣ ሽታ ይመጣል። በሐይቅና በወንዝ ዓሣ ላይ ግን ይህ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። እንደ ልዩ ሁኔታ ቪክቶሪያ ሐይቅ ባለው ቆሮሶ (ቲላፒያ) እና ናይል ፐርች ውስጥ ቀላል የማይባል መጠን ተገኝቷል። ስለዚህ የኖርዌይን ኮድ ዓሣ ውጤት ወስደሽ ለሐዋሳ ቆሮሶ አትገምቺ። አሞኒያ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና አልኮሎች ለአንቺ ይበልጥ ይጠቅሙሻል። ለዚህ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን የሚለየውን ኤምኪው-136 ጨምሪ፤ አራት ሴንሰር ይሆኑልሻል። ቆሮሶና አምባዛን አንድ ላይ አትቀላቅዪ። በቆሮሶ ብቻ ጀምሪ።

«ትኩስ» የሚለውን ቃልም ጠይቂ። መረብ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ ይነሳል። ከጀልባ ላይ አሁን የወረደው ቆሮሶ መረቡ ውስጥ ከሞተ ስድስት ሰዓት ሆኖት ሊሆን ይችላል። ሰዓትሽን ከገዛሽበት ደቂቃ ከጀመርሽ መነሻሽ ተሳስቷል። ስትገዢ ገና የሚንፈራገጠውን ለዪ፤ የሞተበትን ሰዓት ራስሽ ጻፊ። ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች ደግሞ ጠይቂያቸው። ልጁ አንድም ነገር ሳይናገር አውራ ጣቱን ከዓሣው ጀርባ ሥር ጫን ያደርጋል። ሥጋው ተመልሶ ከሞላ ይይዘዋል፤ ጉድጓዱ ከቀረ ወደ ጎን ይገፋዋል። ከዚያ የስንጥቡን ክዳን ገልጦ ቀለሙን ያያል። ደማቅ ቀይ፣ ወይም ወደ ቡናማ የሄደ። ዓይኑ ጎበጥ ያለ ወይስ የሰመጠ። ልጁ ይህን ሁሉ ከሴንሰርሽ በፊት ያውቃል። እያንዳንዱን ዓሣ እንዲህ ከሚያውቅ ሁለት ሰው ጋር ነጥብ ስጪው። የመሣሪያሽ መመዘኛ ይህ ነው። መለኪያውን ግን ፈርሱ ከሚጣልበትና አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሚሰበሰቡበት ቦታ አርቂ፤ እዚያ አየሩ ራሱ ዓሣ ነው።

አማካሪሽ ሞዴል ይጠቅማል ማለታቸው ልክ ነው። አደጋው አሰባሰቡ ላይ ነው። ሰኞ ትኩስ ዓሣ ለክተሽ፣ ረቡዕ ያንኑ ተበላሽቶ ብትለኪው፣ ሞዴሉ ዓሣውን ትቶ «ሰኞ» እና «ረቡዕ»ን ሊለይ ይችላል። ሴንሰሩ በሁለት ቀን ውስጥ ራሱ ይንሸራተታልና። ውጤቱ 98 በመቶ ይመጣል፤ ሁሉም ያጨበጭባል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም። በትልልቅ ቤተ ሙከራዎችም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ብዙ ተመራማሪዎች ለዓመታት የተጠቀሙበት የጋዝ ሴንሰር ዳታ በዚሁ ምክንያት ችግር እንዳለበት አሳይቷል፤ ጋዞቹ የተለኩት ተራ በተራ እንጂ ተቀላቅለው አልነበረም። መፍትሔው ቀላል ነው። በየቀኑ ትኩሱንም የቆየውንም ለኪ፤ ቅደም ተከተሉን በዕጣ አውጪው። ባዶ ማሰሮም በመሃል በመሃል ይለካ። ሞዴሉን ስትፈትኚ ደግሞ ፈጽሞ ያላየውን ዓሣ፣ ያላየውንም ቀን ስጪው። ከአንድ ዓሣ የወሰድሽውን አምስት ማሽተት ግማሹን ለማሠልጠኛ ግማሹን ለፈተና ካደረግሽ ራስሽን እያታለልሽ ነው። 25 ወይም 30 ቆሮሶ ካለሽ ቀላል ሞዴል ይበቃል። ብዙ ዳታ የሚፈልገው ዲፕ ለርኒንግ አያስፈልግሽም።

አንድ ርካሽ ምስክር ልጨምርልሽ። ከርከዴ አፍልተሽ የማጣሪያ ወረቀት ንከሪበትና አድርቂው። ቀይ የሚያደርገው አንቶሲያኒን የሚባለው ቀለም አሞኒያና መሰል አልካላይ ጋዝ ሲያገኘው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ወረቀቱን ዓሣውን ሳይነካ ማሰሮው ክዳን ሥር አንጠልጥዪው። በየሰዓቱ በአንድ ዓይነት መብራት ሥር ፎቶ አንሺው። ሽታን በቀለም ማንበብም ራሱን የቻለ መንገድ ነው። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኬነዝ ሳስሊክ እ.ኤ.አ. በ2000 ብዙ ቀለሞች ደርድሮ አሳይቶታል። ሴንሰርሽና ወረቀቱ ሲስማሙ ልብሽ ይረጋጋል። ሳይስማሙ ሲቀሩ የት እንደምትፈልጊ ታውቂያለሽ።

አሁን ከባዱ ገደብ። ዓሣ ትኩስነቱን ማጣት የሚጀምረው ሽታ ከመምጣቱ በፊት ነው። ከሞተ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ለውጡ ሥጋው ውስጥ ነው፤ አየር ላይ የሚወጣ ብዙ ነገር የለም። መሣሪያሽ «በጣም ትኩስ» እና «ትኩስ»ን ይለያል ብዬ አልጠብቅም። «ትኩስ» እና «መበላሸት የጀመረ»ን ይለይ ይሆናል። ከዚያ በላይ ደግሞ በሽታ አምጪ ባክቴሪያና ጥገኛ ትል ሽታ ላይኖራቸው ይችላል። አሞራ ገደል ዳር ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ የሚበላ ሰው ብዙ ነው። መሣሪያሽ አረንጓዴ መብራት ስላበራ «ጥሬውን ብሉት» የሚል መልእክት ሊተላለፍ አይገባም። መብራቱንም ተይው፤ ቁጥር ብቻ ያሳይ። ሪፖርትሽ ላይም ይህ መሣሪያ የምግብ ደህንነት ፈተና አለመሆኑን በግልጽ ጻፊ። ሴንሰሩን ለመፈተን ብለሽ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ራስሽ እንዳትሠሪ፤ በትንሽ መጠንም ይገድላል። አሞኒያም ካስፈለገ ላብ ውስጥ፣ ጋዝ መሳቢያው ሥር፣ ሰው አጠገብሽ እያለ ይሁን።

ስለዚህ የምመክርሽ ይህን ነው። እንደ ውሻ አፍንጫ ስሱ የሆነ ሴንሰር ፍለጋውን አቁሚ። የፕሮጀክቱን ርዕስ አጥብቢው፦ «የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ በክፍል ሙቀትና በበረዶ ላይ ሲቆይ የሽታ ለውጡን በአራት ሴንሰርና በማሽተት ዑደት መከታተል»። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ዓሣ አትግዢ። ኃይሉን አስተካክዪ፣ ማሰሮውን ሥሪ፣ ባዶውን ማሰሮ ብቻ ቀን ከሌት ለኪ። ባዶው ማሰሮ በተከታታይ ለሦስት ቀን ተቀራራቢ ንባብ ካልሰጠሽ ወደ ዓሣ አትሂጂ። ሲሰጥሽ ንጋት ላይ ወደ ጀልባዎቹ ውረጂና ገና የሚንፈራገጡ ስድስት ቆሮሶ ግዢ፤ ሦስቱን በበረዶ፣ ሦስቱን በክፍል ሙቀት አድርጊ። የከርከዴ ወረቀቱን ከዋዜማው አዘጋጂ፤ ለማድረቅ አንድ ሌሊት ይፈልጋል።